በኅዳር ከሜዳ ውጪ፦ የቅርጫት ኳስ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ ይከፈታል። በዚህ ሰሞን ከመሀል አዲስ አበባ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፦ ውድድሩ ገና ሳይሞቅ አንድ ቡድን ከሜዳው ውጪ የሚያደርገው ጨዋታ አስቀድሞ እንዴት ይመዘናል? ማብራሪያ የሚሹትን አስፋፍተን፣ ባጭሩ የሚያልቁትን ባጭሩ መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ለስፖርት ክበባችን የግድግዳ ጋዜጣ፣ አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድን በኅዳር ከሜዳው ውጪ ስለሚያደርገው ጨዋታ ቅድመ ዳሰሳ እንድጽፍ ተመድቤያለሁ። ያነበብኳቸው ሁሉ የኮከብ ስምና ያለፈውን ዓመት ውጤት ይደጋግማሉ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ያለፈውን ዓመት ውጤት ለጊዜው ይተዉት። የኮሌጅ ቡድን በየዓመቱ ፈርሶ የሚሠራ ቡድን ነው። የሚመረቁ አሉ፣ ወደ ኤንቢኤ የሚሄዱ አሉ፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስመዘግብበት የዝውውር መዝገብ ተከፍቷል። ቀድሞ የተዘዋወረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። ከ2021 ወዲህ ለመጀመሪያው ዝውውር ይህ ቀረ፤ ከ2024 ወዲህ ትምህርቱን በአግባቡ እስከተከታተለ ድረስ ስንት ጊዜም ቢዘዋወር አይቀጣም። ስለዚህ አምና 25 ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ዘንድሮ ማሊያው ብቻ ሊሆን ይችላል የቀረው።

የመጀመሪያው ሥራ ደቂቃ መቁጠር ነው። አንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ ሜዳ ላይ አምስት ሰው ስላለ የቡድኑ ድምር 200 ደቂቃ ይሆናል። አምና ከተጫወቱት ደቂቃዎች ዘንድሮ የተመለሱት ተጫዋቾች የያዙት ስንት እጅ ነው? ከግማሽ በታች ከሆነ የአምናው አኃዝ ስለ አሰልጣኙ የአጨዋወት ምርጫ ይነግርዎታል እንጂ ስለ ቡድኑ ጥንካሬ አይነግርዎትም። ፖይንት ጋርዱን ለብቻው ይዩት። ከሜዳ ውጪ በጩኸት ውስጥ አሰልጣኙ ከጠርዝ የሚለው አይሰማም፤ ጨዋታውን የሚያደራጀው ፖይንት ጋርዱ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከሆነና በሰው ሜዳ ኳስ ይዞ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ዳሰሳዎን በዚሁ ቢከፍቱት አይሳሳቱም።

ቀጥሎ ዘንድሮ የተደረጉትን ጨዋታዎች ያጣሩ። የወዳጅነት ጨዋታዎች ከአኃዙ ይውጡ። ከአንደኛው ዲቪዚዮን በታች ካሉ ትናንሽ ኮሌጆች ጋር የተደረጉትም ይውጡ፤ ለድል ቁጥር ይያዛሉ እንጂ የደረጃ ሰንጠረዦቹ አይቆጥሯቸውም። ሦስት ተጫውቶ ሦስቱንም ያሸነፈ ቡድን ሲጣራ አንዳንዴ አንድ እውነተኛ ጨዋታ ብቻ ይቀረዋል። ያ አንዱም በሜዳው ይሆናል።

ከዚያ ወደ ስሌቱ ይግቡ። በጨዋታ ስንት ነጥብ አገባ የሚለው ቁጥር ያሳስታል፤ ፈጣን ቡድን ብዙ ያገባል፣ ብዙም ይገባበታል። የሚያስፈልግዎት በአንድ የማጥቃት ተራ፣ ማለትም ቡድኑ ኳሱን ከያዘበት ለተጋጣሚው እስኪለቅ ድረስ፣ የሚገኘው ነጥብ ነው። የተራውን ብዛት ከውጤት ወረቀቱ እንዲህ ያወጡታል፦ ወደ ሪንግ ከተወረወሩት ላይ የማጥቃት ሪባውንዱን (ውርወራው ስቶ ሲነጥር ያው ወርዋሪ ቡድን መልሶ የያዘውን ኳስ) ይቀንሱ፣ የባከኑትን ኳሶች ይደምሩ፣ በመጨረሻም የነጻ ውርወራውን ቁጥር በ0.475 አባዝተው ይጨምሩ። በ0.475 የሚባዛበት ምክንያት ነጻ ውርወራ አብዛኛውን ጊዜ በጥንድ ስለሚሰጥና ተጫዋቹ ፋውል እየተሠራበት ካገባ በኋላ የሚታከለው አንዱ ደግሞ አዲስ ተራ ስለማይፈጅ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ቡድን 58 ወርውሮ 25 አገባ፤ ከእነዚህ 8ቱ ባለሦስት ናቸው። ከ20 ነጻ ውርወራ 14 አስቆጠረ። 10 የማጥቃት ሪባውንድ ወሰደ፣ 14 ኳስ አባከነ። ነጥቡ 72 ነው። ተራው 58 − 10 + 14 + 9.5 = 71.5። ወደ መቶ ተራ ሲመጣ 100.7 ነጥብ ማለት ነው። የተጋጣሚውንም እንዲሁ ካወጡ ሁለቱን ማወዳደር ይችላሉ።

ይህ ቁጥር ስንት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርዎትም። ለዚህ ዲን ኦሊቨር የተባለው የቅርጫት ኳስ ስታቲስቲክስ ባለሙያ የለያቸው አራት መመዘኛዎች አሉ። የመጀመሪያው የውርወራ ጥራት ነው፤ ባለሦስቱን አንድ ተኩል አድርገው ይቆጥሩታል፣ በምሳሌያችን 25 ላይ 4 ተደምሮ ለ58 ሲካፈል 50 ከመቶ ይሆናል። ሁለተኛው የባከነ ኳስ ነው፦ 14 ለ71.5፣ 19.6 ከመቶ። ሦስተኛው የማጥቃት ሪባውንድ ነው፤ ተጋጣሚው በመከላከል 24 ከወሰደ፣ 10 ለ34፣ ማለትም 29.4 ከመቶ። አራተኛው የነጻ ውርወራ ዕድል፣ 20 ለ58። ኦሊቨር ክብደታቸውን 40፣ 25፣ 20 እና 15 ከመቶ ብሎ አስቀምጧቸዋል።

ዳሰሳዎ ከሌላው የሚለየው አሁን ነው፦ ከአራቱ የትኛው ከቡድኑ ጋር ይጓዛል፣ የትኛው ቤት ይቀራል? በእኛ እምነት የዳሰሳው ዋና ጥያቄ ይህ ነው፤ ማን ያሸንፋል የሚለው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሪባውንድ በአብዛኛው ይጓዛል። ቁመትና ጉልበት የትም ሜዳ ያው ናቸው። ነጻ ውርወራ አይጓዝም፤ ባለሜዳው ብዙ ጊዜ የተሻለ የፋውል ሚዛን ያገኛል። ስለዚህ በሜዳው በጨዋታ 25 ነጻ ውርወራ እያገኘ የሚያሸንፍ ቡድን ሲጓዝ ነጥቡን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት፤ ከየት እንደሆነ ካላዩ በዳሰሳዎ ላይ ይጻፉት። የባከነ ኳስ ደግሞ ከሜዳ ውጪ የሚብሰው ባለሜዳው ሙሉ ሜዳ ፕሬስ የሚያደርግ፣ ማለትም እንግዳውን ገና ኳስ ከሚያወጣበት ጫፍ ጀምሮ የሚያፍን፣ ከሆነ ነው። እንግዳው በ10 ሰከንድ ውስጥ ኳሱን ከመሀል መስመር ማሳለፍ አለበት፤ ተመልካቹ ቆጠራውን እየጮኸ ያዋክበዋል። እዚህ ላይ ሁለት አስተማማኝ ኳስ አመላላሽ ያለው ቡድንና አንድ ብቻ ያለው ቡድን ሰፊ ልዩነት አላቸው። ያ አንዱ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ፋውል ከሠራ አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ ያስቀምጠዋል፣ ምክንያቱም በአምስት ፋውል ይወጣል። እሱ ሲቀመጥ ማን እንደሚገባ ስሙን ፈልገው ይጻፉ።

ባለሦስት ነጥቡ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ከመቶ 35 የሚያገባ ቡድን 24 ቢወረውር በአማካይ 8 ወይም 9 ያገባል። ነገር ግን በዕድል ብቻ አንድ ቀን 6፣ አንድ ቀን 11 ሊሆን ይችላል፤ ያው ቡድን፣ ያው ጥራት። በ6ና በ11 መካከል 15 ነጥብ አለ። በኅዳር ሦስት ወይም አራት ጨዋታ አይቶ ‘ይህ ቡድን ባለሦስት አይችልም’ ብሎ መጻፍ ዳሰሳ ጸሐፊዎች በብዛት የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። ስንት እንዳገባ ሳይሆን ስንት እንደወረወረና ማን እንደወረወረው ይዩ፤ ያ ቶሎ አይለዋወጥም።

ሁለት ብዙ ሰው የሚዘነጋቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ኳሱ ነው። በመደበኛው ውድድር የኳሱን ብራንድ የሚመርጠው ባለሜዳው ነው፤ አንዱ ኮሌጅ በዊልሰን፣ ሌላው በናይኪ፣ ሌላው በስፓልዲንግ ይጫወታል። የቆዳው ሻካራነትና የስፌቱ ጥልቀት ስለሚለያይ ጠንቃቃ አሰልጣኞች ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት በተጋጣሚው ኳስ ያለማምዳሉ። ሁለተኛው ቦታው ነው። በኅዳር ብዙ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ ይደረጋሉ፤ በባሃማስ በሆቴል አዳራሽ፣ በሃዋይ በማዊ ደሴት 2,400 ሰው በሚይዝ ጂምናዚየም። መርሐ ግብሩ ላይ ከተጋጣሚው ስም በፊት ‘አት’ ካለ ከሜዳ ውጪ ነው፤ ‘ቨርሰስ’ ካለ ግን በሜዳው ወይም በገለልተኛ ሜዳ ሊሆን ስለሚችል የአዳራሹን ስም ያረጋግጡ።

አጻጻፉ ላይ ብዙ አይጨነቁ። ቦታና ሰዓት፣ አንድ ዋና ጥያቄ፣ ጥያቄውን የሚደግፉ ሁለት ወይም ሦስት አኃዞች፣ የተጎዱና መሰለፋቸው የሚያጠራጥር ተጫዋቾች፣ ግምት። በኤንቢኤ ቡድኖች የተጎጂ ዝርዝር የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ በኮሌጅ የኅዳር ጨዋታዎች ግን አሰልጣኙ ካልተናገረ ላይታወቅ ስለሚችል፣ ባለፈው ጨዋታ ከሁለተኛው አጋማሽ የጠፋ ተጫዋች ካለ የውጤት ወረቀቱን የደቂቃ ዓምድ አይተው ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የእንግሊዝኛ ዳሰሳዎች መጨረሻ ላይ ‘72 ለ 69’ የሚል ግምት ያስቀምጣሉ። ከኪሳቸው አውጥተው ነው ወይስ ስሌት አለው? (ካዛንቺስ)

መልስ፦ ስሌት አለው፣ በወረቀትና በእርሳስም ይሠራል። ለእያንዳንዱ ቡድን በመቶ ተራ የሚያገባውንና የሚገባበትን ይያዙ። እንግዳው 108 ያገባል፣ 98 ይገባበታል እንበል። ባለሜዳው 104 ያገባል፣ 102 ይገባበታል። የአገሪቱ አማካይ 105 ይሁን። የእንግዳው ግምት የራሱ ማጥቃት ሲደመር የተጋጣሚው መከላከል ሲቀነስ አማካዩ ነው፦ 108 + 102 − 105 = 105። የባለሜዳው 104 + 98 − 105 = 97። ጨዋታው 70 ተራ ያህል ከሆነ 73.5 ለ 67.9 ይሆናል። ከዚህ ላይ ለባለሜዳው የሜዳ ጥቅም፣ በኮሌጅ ብዙ ጊዜ 3 ነጥብ ግድም የሚገመተውን፣ ከፍለው ይጨምሩ፤ ከእንግዳው 1.5 ይቀንሱ፣ ለባለሜዳው 1.5 ይደምሩ። 72 ለ 69.4 ይመጣል።

ኬንፖም በሚባለው የኬን ፖምሮይ ሰንጠረዥ ላይ ያሉት አኃዞች ለተጋጣሚ ጥንካሬ የተስተካከሉ ስለሆኑ ከጥሬው ይሻላሉ። ይሁንና በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ሰንጠረዡ በአብዛኛው የቆመው ከውድድሩ በፊት በተሠራ ግምት ላይ ነው፤ ጨዋታ ሲበዛ ያ ግምት እየቀለለ ይሄዳል። ውጤቱ ከግምቱ 10 ነጥብ ፈቀቅ ቢል የተለመደ ነገር ነው። በመሆኑም 2 ወይም 3 ነጥብ የሚያሳይ ግምት ‘ማንም ሊያሸንፍ ይችላል’ ከማለት አያልፍም። በዚህ ስሌት ተማምነው ገንዘብ እንዲያስይዙ በጭራሽ አንመክርዎትም፤ በኅዳር አኃዙ ጥቂት፣ የተደበቀው ጉዳት ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ነው የምኖረው። ጨዋታው ‘ረቡዕ 7 ሰዓት ምሽት’ ሲባል አንዴ ቀኑ፣ አንዴ ሰዓቱ ይምታታብኝና ያመልጠኛል።

መልስ፦ ቀላል መንገድ አለው። ሰዓቱ የአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ከሆነ 2 ይደምሩ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ያገኙታል። 7 ሲደመር 2 ዘጠኝ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የእነሱ ምሽት 9 ሰዓት ከሌሊቱ 11 ነው። የእነሱ ቀትር 12 ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በሥራ ቀን በሰላም የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ለማዕከላዊው ሰዓት 3፣ ለተራራማው 4፣ ለምዕራብ ጠረፍ 5 ይደምሩ። የምዕራቡ ምሽት 7 ሰዓት ለእኛ ጠዋት 12 ነው። ይህ የሚሠራው ከኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ ከዚያ ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚያዞሩ አንድ ይቀንሱ። ቀኑን በተመለከተ፣ የእነሱ ረቡዕ ምሽት ለእኛ ለሐሙስ አጥቢያ ነው። ማንቂያዎን ረቡዕ ማታ ሲተኙ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ቡድን ከሜዳው ውጪ ተሸንፎ ሳለ ‘ጥሩ መርሐ ግብር’ ተብሎ ይመሰገናል፣ ሌላው በሜዳው በ30 ነጥብ አሸንፎ ማንም አይጠቅሰውም። ፍትሐዊ ነው? (ሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ ፍትሐዊ ነው፣ ምክንያቱም የቦታው ክብደት በደንብ ተመዝኗል። ከ2018–19 ጀምሮ በመጋቢት ለሚደረገው አገር አቀፍ የሻምፒዮና ውድድር ቡድን የሚመርጠው ኮሚቴ ኔት የሚባል የደረጃ ሰንጠረዥ ይጠቀማል፤ ጨዋታዎችንም በአራት ምድብ ይከፍላል። አንደኛው ምድብ በሜዳ ከሆነ ከ1ኛ እስከ 30ኛ፣ በገለልተኛ ሜዳ እስከ 50ኛ፣ ከሜዳ ውጪ ግን እስከ 75ኛ ካለ ቡድን ጋር የተደረገ ጨዋታ ነው። 70ኛ የሆነን ቡድን በሜዳው ቢያሸንፉት ድሉ ሁለተኛ ምድብ ይገባል፤ ያንኑ ቡድን ሄደው ቢያሸንፉት አንደኛ ምድብ ነው። አንደኛ ምድብ ላይ መሸነፍም ብዙ አይጎዳም። አራተኛው ምድብ (በሜዳ ከ161ኛ በታች፣ ከሜዳ ውጪ ከ241ኛ በታች) ላይ መሸነፍ ግን በመጋቢት ከባድ ነው።

ዳሰሳ ለሚጽፍ ሰው ማሳሰቢያ፦ ኔት ይፋ የሚሆነው ዘወትር በዲሴምበር መጀመሪያ ግድም ነው፤ ከዚያ በኋላም ሁሌ ይንቀሳቀሳል፣ የሚቆጠረውም የመጨረሻው ደረጃ ነው። ስለዚህ በኅዳር ‘ይህ የአንደኛ ምድብ ጨዋታ ነው’ ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ሌላው ጎን ደግሞ ገንዘብ ነው። ትልልቆቹ በኅዳር ትንንሾቹን ከፍለው ወደ ሜዳቸው ያመጧቸዋል። ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ኬንታኪ ለኢቫንስቪል 90,000 ዶላር ከፍሎ በራፕ አሬና አስተናገደው። ኬንታኪ በአሶሺየትድ ፕሬስ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ኢቫንስቪል 67 ለ 64 አሸነፈ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስቲፈን ኤፍ ኦስቲን፣ ያኔ አንደኛ የነበረውን ዱክን በካሜሮን አዳራሽ በጭማሪ ሰዓት 85 ለ 83 ረታ፤ ዱክ ከሊጉ ውጪ ካሉ ቡድኖች ጋር በሜዳው 150 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ መጥቀስ ያስደስታል፤ ኢቫንስቪል ግን በዚያው ዓመት በራሱ ሊግ 18 ተጫውቶ 18ቱንም ተሸነፈ። የኅዳር አንድ ሌሊት ስለዚያ ሌሊት ብቻ ነው የሚነግረን።

ጥያቄ፦ ለሴቶች ውድድርም ይኸው ዳሰሳ ይሠራል?

መልስ፦ ስሌቱ ያው ነው፣ ደንቡ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ሴቶች ከ2015–16 ጀምሮ በአራት የ10 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይጫወታሉ፣ በየክፍለ ጊዜው ከአምስተኛው የቡድን ፋውል ጀምሮ ሁለት ነጻ ውርወራ ይሰጣል፣ ቆጠራውም በየክፍለ ጊዜው እንደገና ይጀምራል። ወንዶች እስከ 2025–26 የውድድር ዘመን ድረስ በሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሽ ነው የሚጫወቱት፦ በሰባተኛው ፋውል የመጀመሪያውን ካገባ ሁለተኛውን ይወረውራል፣ በአሥረኛው ሁለት ሙሉ ያገኛል። ከመቶ 70 ለሚያገባ ተጫዋች የመጀመሪያው 1.19 ነጥብ ያህል፣ ሁለተኛው 1.4 ያህል ዋጋ አለው። ስለዚህ በወንዶች ጨዋታ ባለሜዳው ሰባተኛውን ፋውል በስንተኛው ደቂቃ እንዳገኘ መከታተል ይጠቅማል። በቴሌቪዥን በሚተላለፉ ጨዋታዎች በየአጋማሹ ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ ቀሪ በኋላ ጨዋታው መጀመሪያ ሲቆም ዕረፍት ይሰጣል፤ የ8 ደቂቃው ላይ የፋውሉን ቁጥር ቢያዩ ቀሪው ወዴት እንደሚያደላ ይታይዎታል።

ጥያቄ፦ የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ 7220 የሚል ቁጥር ተጽፎ አየሁ፤ የከፍታ መለኪያ ነው አሉኝ። እኛም ከፍታ ላይ ነን። ለእንግዳ ቡድን እውነት ያን ያህል ይከብዳል? (አራት ኪሎ)

መልስ፦ አዎ፣ ከባሕር ጠለል ከፍታው በጫማ ነው፤ 2,200 ሜትር ያህል። የአዲስ አበባ መሀል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው ያለባት ላራሚ ከተማ ከእኛ በትንሹ ዝቅ ትላለች። ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ ቡድን እዚያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከለመደው በሩብ ግድም ያንሳል። አንድ ጊዜ መሮጥ አያቅተውም፤ የሚያቅተው ከሩጫ በኋላ ቶሎ ማገገም ነው። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይታይ ይችላል፤ በየአጋማሹ መጨረሻ ላይ ግን ይወጣል።

ምልክቱ ውርወራው ሲያጥር ነው። እግር ሲደክም ኳሱ የሪንጉን የፊት ጠርዝ መምታት ይጀምራል። ከዚያ መከላከል ላይ ወደ ኋላ መመለስ ይዘገያል፣ በዘገዩ ቁጥር ደግሞ በእጅ መያዝ ይመጣል፣ ፋውል ይበዛል። አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ ብዙም አይረዳም፤ ሰውነት የሚለምደው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው፣ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍም ይበላሻል። ስለዚህ ዳሰሳ ስትጽፉ የእንግዳውን ተቀያሪዎች ቁጠሩ። ዘጠኝ ሰው በጨዋታ ከ12 ደቂቃ በላይ የሚያጫውት አሰልጣኝ በየአራት ደቂቃው እየቀየረ ሊያልፈው ይችላል። በስድስት ሰው የሚጫወት ቡድን ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፦ የ30 ሰከንዱን ሰዓት እየጨረሰ ጨዋታውን ማዝገም፣ ወይም ከማን ቱ ማን (ሰው ለሰው መከላከል) ወጥቶ ዞን (ቦታ ተከፋፍሎ መከላከል) መያዝ። የኒው ሜክሲኮው ፒት የተባለው አዳራሽም ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ጫናው ቢቀንስም ጉዳዩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ለገሃር አካባቢ ያለ ኮሌጅ የወንዶች ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። ውድድራችን ሲጀመር ወደ አዳማ ወርደን እንጫወታለን። ተጋጣሚያችንን አላውቀውም፣ በወረቀት የተያዘ አኃዝም የለም። ቅድመ ዳሰሳ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

መልስ፦ አኃዝ ባይኖርም ሰው ይኖራል። ተጋጣሚዎን የሚያይ አንድ ሰው ቀድመው ይላኩ፤ ካልተቻለ በቅርቡ የገጠማቸውን አሰልጣኝ ደውለው ይጠይቁ። ‘እንዴት ናቸው?’ ብለው አይጠይቁ፣ መልሱ ‘ጎበዞች ናቸው’ ነው የሚሆነው። አምስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ኳስ የሚያወጣው ማን ነው፣ በየትኛው እጁ ይነዳል? ኳስ ሲጠፋባቸው ስንት ሰው ወደ ኋላ ይሮጣል? መከላከላቸው ዞን ነው ወይስ ማን ቱ ማን፣ ሲመሩስ ይቀይሩታል? ከዳር መስመር ኳስ ሲያስገቡ ለማን ይሰጣሉ? ነጻ ውርወራ የማይችለው የትኛው ነው? እነዚህ በአንድ ገጽ ይሰፍራሉ፣ ተጫዋቾችዎም ያስታውሷቸዋል። ከአምስት በላይ ከሆነ ሜዳ ላይ አንዱም አይታወስም።

አየሩን በተመለከተ ከላይ ያልነው ይገለበጣል። እናንተ ከከፍታ ትወርዳላችሁ፤ ትንፋሽ ይቀላል፣ የሚፈትናችሁ ሙቀቱ ነው። ጠዋት ከመውጣታችሁ ጀምሮ ውኃ ይጠጣ፣ ጨዋታው እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ማሟሟቂያውን ከተለመደው አሳጥሩት፣ በጥላ ሥር ይሁን። መንገዱ በፈጣኑ ጎዳና አጭር ቢሆንም ከከተማ መውጫው ላይ የሚጠፋው ጊዜ አይታወቅም፤ ከጨዋታው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ሜዳው ላይ መድረስን ዕቅድ አድርጉት፣ ምሳም ከጨዋታው ሦስት ሰዓት በፊት ይበላ።

ቀድሞ መድረሱ ሜዳውን ለመለካት ይጠቅማል። ሜትር ይያዙ። ሪንጉ ከመሬት 3.05 ሜትር መሆን አለበት፤ በትምህርት ቤት የውጭ ሜዳዎች ላይ ልጆች እየተንጠለጠሉበት ወደ ፊት የዘመመ ሪንግ ብዙ ነው፣ እንዲህ ያለው ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ ውርወራ ሲገባ ከባክቦርድ የሚነጥረው ደግሞ ይስታል። የነጻ ውርወራው መስመር ከባክቦርዱ ፊት 4.60 ሜትር ነው፤ ቀለሙ እንደገና ሲቀባ የተዛነፈ ከሆነ ከጨዋታው በፊት ለዳኛ ይንገሩ፣ ከተጀመረ በኋላ ሰሚ የለም። የሦስት ነጥቡ መስመር በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ 6.75 ሜትር ነው፣ ማዕዘን ላይ 6.60። ኳሱን ይሞክሩ፦ ሥሩ 1.80 ሜትር ላይ ሆኖ ሲለቀቅ አናቱ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ድረስ መንጠር አለበት። በሲሚንቶ ላይ በጣም የተነፋ ኳስ ረጅም ሪባውንድ ያመጣል፤ ያኔ ጋርዶችዎ ወደ ሪንጉ ከመግባት ይልቅ የነጻ ውርወራው መስመር አካባቢ ቆመው ይጠብቁ። ነፋስ ካለ ደግሞ በየትኛው ወገን እንደሚነፍስ አይተው፣ በነፋሱ አንጻር በምታጠቁበት ክፍለ ጊዜ የሩቅ ውርወራውን ቀንሱና ኳሱን ወደ ውስጥ ስጡ።